ምዕራፍ ሰባት፦ የቤተሰብ ጤና መድህን ስንት ያወጣል? ማንስ ይከፍለዋል?

በአማራ ክልል በደራ ወረዳ፣ በሐሙሲት ገበያ ሦስት ዓይነት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋሉ። አንዱ ጤፉን ወይም ዳጉሳውን ሸጦ የሚመለስ የደራ ገበሬ ነው። ሁለተኛው ደመወዙ ሳያልቅ የወሩን አስቤዛ ሊሸምት የወጣ መምህር ወይም የወረዳ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው አሥር አሥራ ሁለት ሰው ቀጥሮ ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን ወይም ሆቴል የሚያስተዳድር ነጋዴ ነው። የጣና ዳርቻ ወባ ሦስቱንም ቤት ያንኳኳል። ሲታመሙ መጀመሪያ የሚሄዱት በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ሲጠናባቸው ደግሞ ባሕር ዳር ወደሚገኙት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች።

የሕክምናውን ሂሳብ የሚከፍሉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያሳክምበት ደብተር ማውጣት ይችላል። ለደመወዝተኛው በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶለታል፤ አዋጁ ከወጣ አሥር ዓመት ሲሞላው ግን ከደመወዙ አንድም ሳንቲም አልተቆረጠም፣ በስሙም የታተመ ደብተር አልነበረም። ቀጣሪው ሠራተኛው ሲታመምበት አንዳንዴ ብድር፣ አንዳንዴ እርዳታ እየሰጠ፣ አንዳንዴም ደመወዝ እየከፈለ ያልፈዋል፤ ይህን ወጪ ግን የጤና ወጪ ብሎ መዝግቦት አያውቅም።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አንድን ቤተሰብ ጤናው እንዲጠበቅ ማድረግ በዓመት ስንት ያወጣል? መልሱን ስንፈልግ ከአንድ ሐቅ ጋር ደጋግመን እንጋጫለን። የመድህን ዋጋ የሚታወቀው በሽተኛው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ መድኃኒቱን ካገኘ ብዙ የከፈለ ሰው እንኳ ተጠቅሟል። ባዶ እጁን ከተመለሰ ግን ትንሽ የከፈለውም ተጎድቷል።

ከፎገራ የተነሳው መዋጮ

በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የተጀመረው በሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተመረጡ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ነበሩ፦ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ። ፎገራ የደራ ጎረቤት ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚፈሰው የጉማራ ወንዝ ነው። ደቡብ አቸፈርም ከጣና ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የሐሙሲት ሰው ስለ ጤና መድህን በሬዲዮ ከመስማቱ በፊት በፎገራዋ ወረታ ገበያ ላይ ከዘመዱ አፍ ሰምቶት ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ ከገበሬው ኑሮ የተቀዳ ነበር። መጀመሪያ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ ይግባ አይግባ ብሎ ይወስናል። ከዚያ እያንዳንዱ አባወራ ወይም እማወራ በፈቃዱ ይመዘገባል። መዋጮው የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ፣ በገበሬው እጅ ገንዘብ ባለበት ወቅት ነው። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ተጨማሪ የቤቱ አባላት ካሉ ጭማሪ ይከፈልባቸዋል። መክፈል ለማይችሉት፣ ቀበሌው «የድሃ ድሃ» ብሎ ለሚለያቸው፣ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል።

መድህኑ በተስፋፋባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በገጠር የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ 240 ብር፣ በከተማ 350 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየጊዜው ጨምሯል።

ለውጡ የሚታይ ነበር። ተመራማሪዎች በሙከራ ወረዳዎቹ ያሉ ቤተሰቦችን ለተከታታይ ዓመታት እየተመላለሱ ጠይቀዋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና የሚያገኙ አባላት ቁጥር ከ30 እስከ 41 ከመቶ፣ ወደ ተቋም የሚሄዱበት ድግግሞሽም ከ45 እስከ 64 ከመቶ ጨመረ። በአንድ ጉብኝት ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ቢያንስ በ56 ከመቶ ቀነሰ። ለሕክምና ብሎ ከሰው የሚበደረውም ቤተሰብ ቁጥር ቀነሰ። የዚህን ትርጉም በሬ ሸጦ ያሳከመ ሰው ያውቀዋል። በሬ የሸጠ ገበሬ ዘንድሮን ይተርፋል፤ በከርሞው እርሻ ግን ወይ በሬ ይከራያል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል።

ያም ሆኖ በሁለተኛው ዓመት ከአባላቱ 18 ከመቶ ያህሉ ደብተራቸውን ሳያሳድሱ ቀሩ። ይህን ቁጥር እናቆየው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሺህ ቤተሰብ ያለበት ቋት

መዋጮ ከየት መጥቶ ነው 240 ወይም 600 ብር የሚሆነው? ሂሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የቀረቡ አይደሉም፤ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የተመረጡ ናቸው።

አንድ ሺህ ቤተሰብ በአንድ ቋት ውስጥ አለ እንበል። አንዱ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት ሦስት ጊዜ ይታከማል፤ አንዱ ሕክምና ከነምርመራውና ከነመድኃኒቱ 100 ብር ያወጣል። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 300,000 ብር ነው። ቤተሰቦቹ 240 ብር ቢያዋጡ 240,000 ብር ይሰበሰባል፤ 60,000 ብር ይጎድላል። መንግሥት ከተሰበሰበው 25 ከመቶ ቢደጉም የሚጨምረው ልክ 60,000 ብር ነው። ቋቱ ሞላ።

አሁን የመድኃኒት ዋጋ ጨመረና አንዱ ሕክምና 250 ብር ደረሰ። ወጪው 750,000 ብር ሆነ። በዚያው የ25 ከመቶ ድጎማ ቋቱን ለመሙላት እያንዳንዱ ቤተሰብ 600 ብር ማዋጣት አለበት። ድጎማው ወደ 10 ከመቶ ቢወርድ ደግሞ መዋጮው ወደ 682 ብር ይጠጋል። ቀበሌው «ዘንድሮ ጨምሯል» ብሎ ሲያስታውቅ ከጀርባው ያለው ስሌት ይኸው ነው። የምንጠቀመው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ብዙ ዋጋ አጥቷል፤ መዋጮው ባለበት ይቁም ማለት ደግሞ መድኃኒቱ ይቅር እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰው ሲወጣ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሠላሳው ሰው ሎሚውን አስቀምጦ ቢሄድስ? የቀሩት ሃያዎቹ ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል ይደርሳቸዋል፤ ከእነሱም መሀል የሚታክተው አይጠፋም። ወደ ቋታችን እንመለስ። «ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ነው የታከምነው፤ ገንዘባችን በከንቱ ሄደ» ብለው 300 ቤተሰቦች ሳያሳድሱ ቀሩ እንበል። እነሱ ሲቀሩ የሚቀንሰው ሕክምና 300 ብቻ ነው። ለቀሩት 700 ቤተሰቦች 2,700 ሕክምና ይቀራል፤ በመጀመሪያው የ100 ብር ዋጋ 270,000 ብር ነው። ከነድጎማው እንኳ የአንዱ ቤተሰብ መዋጮ ከ240 ወደ 309 ብር ይወጣል። ጭማሪውን ያየ ሌላ ጤነኛ ቤተሰብ ደግሞ በተራው ይወጣል። በዚህ ዓይነት ቋቱ ውስጥ በመጨረሻ የሚቀሩት በሽተኞች ብቻ ይሆናሉ፤ የበሽተኞች ብቻ ቋት ደግሞ የትም አገር ቆሞ አያውቅም።

በቤተሰብ መመዝገብ የተመረጠው ለዚሁ ነው። አባወራው አስም ያለባትን ልጁን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኞቹን እንዳይተው፣ ሁሉም በአንድ ደብተር ይገባሉ። «ሳልታመም ከፈልኩ» የሚለው ቅሬታ ከሰው ልብ የሚነሳ ነውና አይናቅም። መልሱም ግልጽ ነው፤ ሳይታመም የከፈለ ሰው ገንዘብ ጎረቤቱን አሳክሟል፤ ነገ ደግሞ የጎረቤቱ ገንዘብ እሱን ያሳክመዋል። ሰው ይህን የሚያምነው ግን ጎረቤቱ በእርግጥ ሲታከም ሲያይ ነው።

ደብተር ያላት እናት የምታልፍባቸው በሮች

አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ካርድ ክፍል ደብተሯን ታሳያለች፤ ፎቶው ከፊቷ ጋር ይመሳከራል፤ የዘንድሮ እድሳት መኖሩ ይታያል። መርማሪው ልጁን አይቶ ላብራቶሪ ይጽፋል። ላብራቶሪው ገንዘብ አይጠይቃትም፤ ወረቀቷ ላይ ዋጋው ተጽፎ በመድህኑ ሂሳብ ይያዛል። ውጤቱን ይዛ ትመለሳለች፤ ሁለት መድኃኒት ይታዘዝላታል። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ አንዱ ሽሮፕ ይሰጣታል። ሁለተኛው የለም፤ ስሙ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ «ከውጭ ግዢ» ትባላለች።

ያቺ ትንሽ ወረቀት የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር ናት። እናቲቱ የዓመት መዋጮዋን ከፍላለች። አሁን ደግሞ ከግል መድኃኒት ቤት በግል ዋጋ ልትገዛ ነው። መዋጮው 600 ብር፣ ከውጭ የገዛችው 400 ብር ቢሆን፣ መድህኑ ለእሷ 1,000 ብር ወጥቶባታል። ለከርሞ እድሳት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሯን ስታንኳኳ የምታስታውሰው ያለ ክፍያ ያለፈችበትን ላብራቶሪ አይደለም።

መድኃኒቱ ለምን ይጠፋል? ጤና ጣቢያው የመድህን አባላትን በዱቤ አክሞ ሂሳቡን ለወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ሂሳቡ ተመርምሮ እስኪከፈል ወራት ካለፉ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል። ገንዘቡ ተከፍሎም ቢሆን በመንግሥቱ የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት መጋዘን የተፈለገው መድኃኒት ላይገኝ ይችላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተባባሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይቆማል፤ መድኃኒት የጫነው መኪናም፣ መዋጮ የሚሰበስበው ሠራተኛም፣ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛም።

ሪፈር ራሱ የዋጋ ጉዳይ ነው። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ማለፍ አለበት። በሙከራ ወረዳዎቹ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል ግማሹን ሂሳብ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ቀላል ጉንፋን የስፔሻሊስት ወረፋ እንዳይዝ፣ ቋቱም በአንድ ወር እንዳይደርቅ የታሰበ ነው። በሌላ በኩል መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ቀዶ ሕክምና በመድህኑ አይሸፈኑም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ተቋማት ቀድሞም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ ደብተር የሌለው ሰውም እነዚህን ከማግኘት ወደኋላ ማለት የለበትም።

የደመወዝተኛው ሦስት ከመቶ

አሁን ወደ መምህሩ እንምጣ። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ዝርዝሩን የያዘው ደንብ ቁጥር 271 በ2005 ዓ.ም. ተከተለው። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪው ተጨማሪ 3 ከመቶ ያዋጣሉ። ከጡረተኛ የሚቆረጠው ከአበሉ 1 ከመቶ ነው። ሽፋኑ ለሠራተኛው፣ ለትዳር ጓደኛውና ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆቹ ነው።

የመነሻ ቀኑ ለዓመታት በተደጋጋሚ ተላለፈ። ደመወዝተኛው፣ በተለይ የጤና ባለሙያው ራሱ፣ ተቃወመ። ተቃውሞውን በቁጥር እንየው። የመምህሩ ደመወዝ 10,000 ብር ነው እንበል። የጡረታ መዋጮው 7 ከመቶ ነው፤ 700 ብር ቀድሞ ይሄዳል። የጤና መድህኑ 300 ብር ሲጨመር ግብሩ ሳይነካ 1,000 ብር ይቆረጣል። በዓመት የመድህኑ ብቻ 3,600 ብር ይደርሳል። ሚስቱም መምህርት ከሆነች ከእሷም ይቆረጣል፤ አንዱ ቤት በዓመት 7,200 ብር ያወጣል፤ የአሠሪዎቹ ድርሻ ሲታከል 14,400 ብር ይሆናል።

«ለአንድ ቤት ሁለቴ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፤ መልስም አለው። በዚህ መድህን የሚዋጣው እንደ ገቢ፣ የሚታከሙት እንደ ሕመም ነው። ወንደላጤው የአምስት ልጆች አባት ያህል ይከፍላል፤ ሁለት ደመወዝ ያለው ቤት አንድ ደመወዝ ያለውን ቤት ይደግፋል። የማኅበረሰብ አቀፉ መዋጮ ሀብታም ገበሬንም ደሃ ገበሬንም እኩል ብር ሲያስከፍል፣ የደመወዙ መድህን ግን ከብዙ ብዙ፣ ከጥቂት ጥቂት ይወስዳል። በመርሕ ደረጃ የተሻለ ፍትሕ ያለው ይኸኛው ነው።

የተቃውሞው ሥር ግን ከ3 ከመቶው በላይ የጠለቀ ነበር። ሰዉ «ከደመወዜ የሚቆረጠውን አውቃለሁ፤ የማገኘውን ግን አላውቅም» አለ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄደው እሱ ራሱ ነው፤ «ከውጭ ግዙ» የምትለዋን ወረቀት ያውቃታል። ወረቀቷን የሚጽፈው የጤና ባለሙያ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃታል። መዋጮው ከአገልግሎቱ ቀድሞ ሲመጣ ሰው እንደ ግብር ያየዋል። አገልግሎቱ ተሻሽሎ ቢያይ ኖሮ ተቃውሞው ይህን ያህል አይበረታም ነበር።

በመሀል የተፈጠረው ክፍተት ያሳዝናል። ገጠር ያለው አባት ደብተር ኖሮት ተምሮ የተቀጠረው ልጁ አልነበረውም። የልጁ መድህን ቢጀመርም አባትና እናቱን አይሸፍንም፤ ሽፋኑ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ነውና። ሐሙሲት ያለ መምህር ግን ቤተሰቤ ሲል አባቱንም እናቱንም ማለቱ ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ ይዟቸው የሚሄደውም እሱ ነው። ስለዚህ ወላጆቹ የማኅበረሰብ አቀፉን ደብተር በየዓመቱ እንዲያሳድሱ ማድረግ፣ ባይችሉም ከፍሎላቸው ማሳደስ፣ አንድ ደመወዝተኛ ለራሱ ኪስ ከሚያደርጋቸው ጥበቃዎች ዋነኛው ነው።

ቀጣሪው ሳይመዘግብ የሚያወጣው

አሥራ ሁለት ሠራተኛ ያለው ነጋዴ «በጡረታው 11 ከመቶ እያወጣሁ ሌላ 3 ከመቶ ከየት ላምጣ?» ይላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ 6,000 ብር የሚያገኝ ከሆነ የወር ደመወዙ በጠቅላላ 72,000 ብር ነው። ሦስት ከመቶው በወር 2,160፣ በዓመት 25,920 ብር ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በሌላው ወገን ያለውን ደግሞ እንቁጠር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሦስት ወር የተኛ አንድ ሠራተኛ ለነጋዴው 12,000 ብር ያስወጣል፤ በምትኩ የሚቀጠረውን ሰው ሳንጨምር። ሁለት ሰው እንደዚያ ከታመመ 24,000 ብር ሄደ፤ የዓመቱን የመድህን መዋጮ ሊያህል ትንሽ ቀረው። መድህን የሕመም ፈቃዱን አያስቀርም፤ ሊያሳጥረው ግን ይችላል። በጊዜ የታከመ ታይፎይድ አልጋ ላይ የሚያስተኛው ለቀናት ነው፤ ገንዘብ እስኪገኝ የቆየው ደግሞ አንጀት በስቶ ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ የሕክምናውን ወጪ በሕግ የሚሸፍነው አሠሪው ራሱ ነው፤ ይህኛው የማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም።

ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቡድን የሕክምና ዋስትና ይገዛሉ። ውሉ ብዙ ጊዜ የዓመት ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ካለቀ ሠራተኛው ለብቻው ነው። የሐሙሲት ወፍጮ ቤት ግን እንዲህ ያለ ውል ለመግዛት ትንሽ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው የመድህን ቋት አይሆንም። አንድ ሰው ካንሰር ቢይዘው የዓመቱ መዋጮ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ትንሹ ቀጣሪ ከትልቁ ይልቅ ሰፊ ብሔራዊ ቋት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮች ሸክሙን እንዴት ተካፈሉት?

ከደመወዝ የሚቆረጥ የጤና መድህን በሕግ የጀመረችው ጀርመን ናት፤ በቢስማርክ ዘመን፣ በ1883 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ያኔ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። ዛሬ መሠረታዊው መዋጮ 14.6 ከመቶ ነው፤ እኩል ይካፈሉታል።

በአሜሪካ አሠሪዎች ዋስትናውን የሚገዙት በግል ከኩባንያዎች ነው። በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሠሪ ለሠራተኛው የሚገዛው የአንድ ቤተሰብ ዋስትና በአማካይ 25,572 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ከዚህ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው 6,296 ዶላር ነበር። ቀሪውን 19,276 ዶላር አሠሪው ይከፍላል ይባላል። ነገር ግን ቀጣሪው አንድን ሰው ሲቀጥር የሚያስበው ጠቅላላ ወጪውን ነው። ዋስትናው ሲወደድ የደመወዝ ጭማሪው ይቀንሳል። ስለዚህ «የአሠሪው ድርሻ» የሚባለው ከጊዜ ብዛት አብዛኛው ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣ መሆኑን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከሞላ ጎደል ይስማሙበታል። የኛም ሁለተኛ 3 ከመቶ ስጦታ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሠራተኛው የሁለቱንም ሦስት ከመቶ አገልግሎት የመጠየቅ መብት አለው።

ሩዋንዳ ለመንግሥት ሠራተኛ 15 ከመቶ ትሰበስባለች፤ ግማሹ ከሠራተኛው፣ ግማሹ ከአሠሪው። ለቀረው ሕዝብ እንደ ኛው ማኅበረሰብ አቀፍ መድህን አላት፤ ከሕዝቧ የሚበዛውን ሸፍናበታለች። ኬንያ ከመስከረም መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከሠራተኛው ጠቅላላ ደመወዝ 2.75 ከመቶ ትቆርጣለች፤ አሠሪው የሚጨምረው የለም። ጋና ደግሞ በዕቃና በአገልግሎት ሽያጭ ላይ 2.5 ከመቶ የጤና ቀረጥ ጥላለች፤ በዚህ ዘዴ የሚገዛ ሁሉ ያዋጣል። ከጀርመንና ከሩዋንዳ ጋር ሲተያይ የኛ 6 ከመቶ ብዙ አይደለም። የሩዋንዳን አገልግሎት ከሩዋንዳ መዋጮ ግማሽ ባነሰ እናገኛለን ማለትም አይቻልም። ትንሽ የሚያስከፍል መድህን የሚሸፍነውን ጠባብ አድርጎ በግልጽ መናገር አለበት፤ ሁሉን እሸፍናለሁ ብሎ መስኮት ላይ ከማሳፈር ይሻላል።

የማንከፍለው መስሎን የምንከፍለው

በ2009 ዓ.ም. በተሠራው አገራዊ የጤና ወጪ ቆጠራ በኢትዮጵያ ለጤና ከወጣው ከ100 ብር 31 ብር ያህሉ በቀጥታ ከበሽተኛው ቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር። መድህን የለኝም የሚል ሰው መዋጮ አይከፍልም ማለት አይደለም። ክፍያው የሚመጣው ሲታመም፣ በአንድ ጊዜ፣ ቤቱ በጨነቀው ሰዓት ነው። ለሪፈር መኪና ኮንትራት ይከፍላል፤ ባሕር ዳር ለአስታማሚ ማደሪያና ምግብ ይከፍላል፤ ዘመድ ያዋጣል፤ ሳይበቃ ሲቀር አራጣ ይገባል። ያ ገንዘብ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ «የጤና መዋጮ» ተብሎ አይጻፍም፤ ከሁሉም መዋጮ ግን እሱ ይከብዳል።

ስለዚህ ከመድህኑ የወጡትን 18 ከመቶ ሰዎች መውቀስ አልፈልግም። የወጡት ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም፤ ሒሳቡን በራሳቸው መስኮት ላይ ስለሠሩ ነው። እነሱን የሚመልሳቸው ስብሰባ አይደለም። መዋጮን ከሌላ የመንግሥት አገልግሎት ጋር አያይዞ ማስገደድም ብሩን ይሰበስብ ይሆናል እንጂ እምነቱን አይመልሰውም።

የሚመልሳቸው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሂሳብ ነው፦ ዘንድሮ ከወረዳው ስንት ቤተሰብ ከፈለ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ለስንት ሕክምና ዋለ፣ ለጤና ጣቢያው ያልተከፈለ ምን ያህል ዕዳ አለ። የእድራችን ጸሐፊ በየወሩ በሰው ፊት የሚያነበውን ያህል እንኳ የጤና መድህን ሂሳብ ሊነበብልን ይገባል። ሁለተኛው ጤና ጣቢያው ያቀረበው ሂሳብ ሳይዘገይ እንዲከፈል ነው፤ ገንዘቡ በጊዜ ከደረሰ መድኃኒቱም በጊዜ ይገዛል። ሦስተኛው መድኃኒት በጠፋ ጊዜ አባሉ ከውጭ የገዛበት ደረሰኝ ተቆጥሮ የሚመለስበት፣ ወይም ከተዋዋለ መድኃኒት ቤት በደብተሩ የሚወስድበት መንገድ ነው።

ለደመወዝተኛውም መንገዱ ይኸው ነው። ሦስት ከመቶው ከመቆረጡ በፊት ሠራተኛው በወረዳው ካለው ጤና ጣቢያ ምን እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይወቅ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም የአሠሪው ወገንም ቋቱን በሚያስተዳድረው ቦርድ ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው። ነጋዴውም የሚያዋጣው 25,920 ብር በሠራተኞቹ የሥራ ቀን ተመልሶ እንደሚመጣ በራሱ መዝገብ ይፈትነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛው በሕመም የቀረበትን ቀንና ለዚያ የከፈለውን ደመወዝ ይጻፍ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ድምሩን ሲያየው ስለ ሦስት ከመቶው የሚከራከረው በግምት መሆኑ ይቀራል።

አንባቢው ደግሞ የዘንድሮውን እድሳት ሲከፍል አንድ ጥያቄ ጨምሮ ይክፈል፦ «ባለፈው ዓመት ከዚህ ወረዳ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» መልሱን የሚያውቅ ሰው በቀበሌው ካለ መድህኑ በጥሩ እጅ ነው። ከሌለ መልሱ እስኪመጣ ደጋግሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እየከፈሉ መጠየቅ እንጂ አቋርጦ መውጣት ቋቱን አያድነውም።